ብርሃን የሚመርጥ መስታወት፦ ከመቅደላ እስከ ኮልፌ ቀራኒዮ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን በኢትዮጵያ ደጋማ አገር የተነሡ ፎቶግራፎችን የሚመረምር ሰው ተራራው፣ ድንኳኑና የሰዉ ልብስ በጥራት ተቀርጸው ሳለ ሰማዩ ግን ደመናም ሰማያዊነትም የሌለበት ባዶ ነጭ ሆኖ መቅረቱን ያስተውላል። ከባሕር ወለል በላይ ሁለትና ሦስት ሺህ ሜትር ከፍ ባለ ቦታ ላይ የሚታየው ሰማይ ከቆላው ሰማይ ይልቅ ጠቆር ያለ ሰማያዊ መሆኑ እየታወቀ ፎቶግራፉ ተቃራኒውን መናገሩ በመጀመሪያ እይታ ግራ ያጋባል፤ ምክንያቱ ግን የፎቶ አንሺው ችሎታ ሳይሆን የዘመኑ ኬሚካል ነው። ዛሬ አንድ ጀማሪ ከሌንሱ ፊት የሚያስረውን ፖላራይዚንግ ፊልተር፣ በባለሙያዎች አጠራር ፖላራይዘር የሚባለውንና በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገበውን ብርሃን ብቻ የሚያሳልፈውን ተሽከርካሪ መስታወት ለመምረጥ ሲነሣ ከሚገጥሙት ጥያቄዎች አብዛኞቹ ከዚያ ነጭ ሰማይ ጋር የተደረገው ረጅም ትግል ያወረሳቸው ናቸው። የትኛው ዓይነት እንደሚገዛ የሚናገረው የመሣሪያው ታሪክ ነው፤ በየትኛው ሰዓትና ወዴት ዞሮ እንደሚሠራ የሚወስነው ግን ሥፍራው ነው፤ የዚህ ጽሑፍ ሥፍራም የአዲስ አበባ ምዕራባዊ ክፍል፣ ኮልፌ ቀራኒዮ ነው።

በ1860 ዓ.ም. ጄኔራል ሮበርት ናፒየር የመራው የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት ከመሐንዲሶቹ ክፍል ጋር ፎቶ አንሺዎች አብረው ዘምተው ነበር፤ እነዚህ ሰዎች ለመኮንኖች የሚታደሉ ካርታዎችንና ንድፎችን በፎቶግራፍ ከማባዛት ጎን ለጎን የሠራዊቱን ሰፈርና የተጓዙበትን አገር መልክ አንሥተዋል። የሚሠሩበት ዘዴ እርጥብ ኮሎዲዮን የሚባለው ነበር፤ ይኸውም መስታወቱ በሚያጣብቅ ፈሳሽ ተቀብቶ፣ በብር ጨው ተነክሮ፣ ሳይደርቅ ካሜራ ውስጥ የሚገባበትና ወዲያው በድንኳን ጨለማ ውስጥ የሚታጠብበት አድካሚ ሥራ ነው። ይህ ቅብ የሚያየው ሰማያዊውን፣ ወይን ጠጁንና ለሰው ዓይን የማይታየውን አልትራቫዮሌት ብርሃን ብቻ ስለሆነ፣ የዚህ ብርሃን ዋና ምንጭ የሆነው ሰማይ ከሁሉ ቀድሞ መስታወቱን ያቃጥለዋል፤ መሬቱ በቂ ብርሃን እስኪያገኝ በሚጠበቅበት ጊዜ ውስጥ ሰማዩ ከነደመናው ጠፍቶ ያልቃል። በዚያ ላይ አምባው በወደቀበት በሚያዝያ 6 ቀን ፀሐይ በቀትር በመቅደላ አናት ላይ ለመድረስ የቀራት ሁለት ዲግሪ ያህል ብቻ ነበር፤ በዚህ ወቅት የሚሠራ ፎቶ አንሺ ጥላ ቁልቁል የሚወድቅበትንና ገጽታን የሚያደበዝዘውን ብርሃን መታገል ነበረበት።

መፍትሔው የመጣው በቀለም ኬሚስትሪ በኩል ነው። የጀርመኑ ኬሚስት ሄርማን ፎግል እ.ኤ.አ. በ1873 በቅቡ ላይ ልዩ ልዩ ማቅለሚያዎችን በመጨመር መስታወቱ አረንጓዴንም እንዲያይ ማድረግ እንደሚቻል አሳየ፤ ከዚህ ግኝት ኦርቶክሮማቲክ የተባለው፣ ከቀይ በቀር ሌላውን የሚያይ ፊልም ወጣ፤ ሁሉንም ቀለም የሚያየው ፓንክሮማቲክ መስታወት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1906 ለገበያ ቀረበ። የእነዚህ ፊልሞች መምጣት ለቢጫው ፊልተር በር ከፈተለት፤ ቢጫ መስታወት ከሌንሱ ፊት ሲታሰር ሰማያዊውን ብርሃን ስለሚቀንስ ሰማዩ ይጠቁራል፣ ደመናውም ተለይቶ ይወጣል። እዚህ ላይ ለታሪክ ተመራማሪ የሚጠቅም አንድ ነገር ማንሣት ይገባል፤ ቀይን የማያይ ፊልም ቡናማውን የሰው ገጽ ከሆነው በላይ ያጠቁረዋል፤ ስለዚህ በዚያ ዘመን በኢትዮጵያ የተነሡ ሰዎችን መልክ ከፎቶግራፉ ብቻ ተነሥቶ የሚገልጽ ጸሐፊ የፊልሙን ጠባይ የሰዉ ጠባይ አድርጎ እንዳይወስድ መጠንቀቅ አለበት።

በአዲስ አበባ ፎቶግራፍ ሥር የሰደደው በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ ነው። የዳግማዊ ምኒልክ አማካሪ የነበረው ስዊዛዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ያነሣቸውና የሰበሰባቸው ፎቶግራፎች ዛሬ በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ የኢትኖግራፊ ሙዚየም ይገኛሉ፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገደማ የመጣው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን ደግሞ የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ሆኖ ሙያውን ለልጆቹ ለሃይጋዝና ለቶኒ አውርሷል። የእነዚህ ሰዎችና ከእነርሱ በኋላ በአራዳና በፒያሳ የተስፋፉት ፎቶ ቤቶች ሥራ በአመዛኙ የሰው ፎቶ ነበር፤ ባለሙያው ብርሃኑን በመስኮትና በመጋረጃ፣ በኋላም በመብራት ራሱ ስለሚያዘው፣ ከጀርባ የሚታየውም ሰማይ በሸራ ላይ የተሳለ በመሆኑ የሰማይን ብርሃን የሚያጣራ መስታወት አላስፈለገውም። ከ1967 ዓ.ም. በኋላ ቀበሌዎች ሲቋቋሙና መታወቂያ የእያንዳንዱ ነዋሪ ጉዳይ ሲሆን ጉርድ ፎቶግራፍ ከመሐል ከተማ ወጥቶ ወደ ዳር ሰፈሮች ዘለቀ፤ ፎቶ ቤቱም በየመንደሩ እንደ ወፍጮ ቤት የተለመደ ነገር ሆነ። ከፎቶ ቤት ውጭ፣ በሜዳና በመንገድ ላይ ከተፈጥሮ ብርሃን ጋር የሚታገለው ፎቶግራፍ ግን ለረጅም ጊዜ የተጓዦች፣ የጋዜጠኞችና የመንግሥት ፎቶ አንሺዎች ሥራ ሆኖ ቆየ። ለምሳሌ ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ለንጉሠ ነገሥቱ፣ ከዚያም በደርግ ዘመን የሠራው ሽመልስ ደስታ ሙያው ከሥነ ሥርዓት ወደ ሥነ ሥርዓት፣ ከአየር ማረፊያ ወደ አደባባይ የሚያዞረው ነበር።

ፖላራይዘር ከቢጫው ፊልተር በእጅጉ የተለየ ነው፤ ቢጫው የሚለየው በቀለም ሲሆን ፖላራይዘሩ የሚለየው በብርሃን የመርገብገቢያ አቅጣጫ ነው። ከፀሐይ በቀጥታ የሚመጣው ብርሃን ከጉዞ መስመሩ ዙሪያ በሁሉም አቅጣጫ ይርገበገባል፤ ይህ ብርሃን በአየር ሞለኪውሎች ሲበተን ወይም በውኃ፣ በመስታወትና በቅጠል ላይ አርፎ ሲንጸባረቅ ግን አንደኛው አቅጣጫ ከሌሎቹ ይበልጥ ይበረታል፤ እንዲህ ያለው ብርሃን ፖላራይዝድ ይባላል። የሰው ዓይን ልዩነቱን አይለየውም። የፈረንሳዩ መኮንንና የፊዚክስ ሊቅ ኤቲየን ሉዊ ማሉስ እ.ኤ.አ. በ1808 በአይስላንድ ድንጋይ ቁራጭ ውስጥ በፓሪስ የሉክሰምበርግ ቤተ መንግሥት መስኮቶች ላይ የሚያንጸባርቀውን የምሽት ፀሐይ ሲመለከት ድንጋዩን ባዞረ ቁጥር ነጸብራቁ ሲደክምና ሲበረታ አየ፤ በማግስቱ ዓመት ፍራንሷ አራጎ የሰማዩም ሰማያዊ ብርሃን ይኸው ጠባይ እንዳለው ደረሰበት፤ እ.ኤ.አ. በ1815 ደግሞ ስኮትላንዳዊው ዴቪድ ብሩስተር ነጸብራቁ ፍጹም ፖላራይዝድ የሚሆንበትን ማዕዘን የሚያሰላበት ሕግ አወጣ። በዚህ ሕግ መሠረት ማዕዘኑ ከገጹ ቀጥ ብሎ ከሚቆመው መስመር ሲለካ ለውኃ 53 ዲግሪ፣ ለመስታወት 56 ዲግሪ ገደማ ነው።

እውቀቱ በዚህ ፍጥነት ቢሰበሰብም ለካሜራ የሚሆን መሣሪያ ለመሥራት ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ፈጀ፤ ምክንያቱም የተፈጥሮው ድንጋይ ጠባብና ውድ ነበር። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ሄራፓዝ እ.ኤ.አ. በ1852 ኪኒን በተሰጠው ውሻ ሽንት ላይ አዮዲን ሲጨመር የተፈጠሩ ጥቃቅን ክሪስታሎች ብርሃንን እንደሚያጣሩ አስታወቀ፤ ክሪስታሎቹ ግን እጅግ ደቃቅና ተሰባሪ ስለነበሩ ሐሳቡ ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ። አሜሪካዊው ኤድዊን ላንድ እ.ኤ.አ. በ1929 የፈጠራ መብት የጠየቀው ትልቅ ክሪስታል ለማሳደግ መድከሙን ትቶ ደቃቆቹን በሚሊዮን አሰልፎ በቀጭን ላስቲክ ላይ ለማስፈር ነበር። ላንድ ያለመው ለፎቶ አንሺ ሳይሆን ለሾፌር እንደነበር ማስታወስ ደስ ይላል፤ በሌሊት ፊት ለፊት የሚመጣውን መኪና መብራት ለመግታት በማሰብ የጀመረው ሥራ በመኪና ፋብሪካዎች ዘንድ ተቀባይነት ሳያገኝ ቀርቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አጋማሽ ኮዳክ ላስቲኩን ለካሜራ ፊልተር ወሰደው። እ.ኤ.አ. በ1938 የወጣውና በአዮዲን የተነከረ፣ በአንድ አቅጣጫ የተሳበ ላስቲክ የሆነው ሁለተኛው ዓይነት እስከ ዛሬ የፊልተሩም፣ የኤልሲዲ ስክሪንም መሠረት ነው።

እነዚያ ዓመታት የዓለም ካሜራ ወደ አዲስ አበባ የዞረባቸው ዓመታት ነበሩ። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. የተፈጸመው የንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ መጫን በአሜሪካው ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት በቀለም ፎቶግራፍ ጭምር ወጥቷል፤ በዘመኑ ስመ ጥር የነበረው አውቶክሮም የተባለው የቀለም መስታወት ለሰማያዊ ብርሃን ከመጠን በላይ ስስ ስለነበር ብርቱካናማ ቢጫ ፊልተር ሳይታሰርለት ትክክለኛ ቀለም አይሰጥም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1934 ስዊዛዊው አብራሪ ቫልተር ሚትልሆልዘር ለንጉሠ ነገሥቱ አውሮፕላን ሲያደርስ አገሪቱን ከአየር አነሣ፤ በተከተለው ዓመት አልፍሬድ አይዘንስታት ለወረራው የሚዘጋጀውን አገር ለመዘገብ መጥቶ ከጊዜ በኋላ ዝነኛ የሆነውን የባዶ እግር ወታደር ፎቶ አነሣ። አዲሱ ፊልተር ለሽያጭ የቀረበውም በዚሁ ሰሞን ነበር፤ ነገር ግን ብርሃንን ወደ ሩብ ገደማ የሚያወርድ መስታወት በጊዜው ከነበረው ዘገምተኛ ፊልም ጋር ለጦር ሜዳ ዘጋቢ የሚመች አልነበረም።

ኮልፌ በዚህ የሥዕል ታሪክ ውስጥ ደብዛዛ ቦታ ነው ያለው። የፖስታ ካርዶችና የመጻሕፍት ፎቶግራፎች ሲያዘወትሩ የኖሩት ግቢን፣ ቅዱስ ጊዮርጊስንና ፒያሳን ነው፤ ኮልፌን ለውጭ አንባቢ ያስተዋወቀው ካሜራ ሳይሆን ብዕር ነው፤ በ1954 ዓ.ም. ኔልሰን ማንዴላ በኮልፌው የፈጥኖ ደራሽ ሰፈር ያገኘውን ወታደራዊ ሥልጠና በሕይወት ታሪኩ ጽፎታልና። ይሁን እንጂ ለብርሃን ሥራ ከመዲናይቱ ክፍሎች ይህን ያህል የሚመች ጥቂት ነው። ክፍለ ከተማው ከመርካቶ ወደ ምዕራብ እየወጣ፣ በአንድ በኩል ወደ አምቦ፣ በሌላው በኩል ወደ ጅማ በሚወስዱት መንገዶች መካከል ተዘርግቷል፤ በሰሜንና በሰሜን ምሥራቅ የእንጦጦ ሰንሰለት፣ በምዕራብ ደግሞ ከ3,300 ሜትር በላይ የሚወጣው የወጨጫ ተራራ ይታዩበታል፤ ምሥራቁ ቁልቁል ወደ ከተማው መሐል የተከፈተ ነው።

የሰማዩ ፖላራይዝድ ብርሃን የሚበረታው ከፀሐይ 90 ዲግሪ ርቆ በሚያልፍ ቀለበት መሰል መስመር ላይ ነው። አመልካች ጣትን ወደ ፀሐይ ቀጥ አድርጎ አውራ ጣትን እንደ ማዕዘን በመክፈት የእጅ አንጓን ቢያዞሩት አውራ ጣቱ በሰማዩ ላይ የሚቀደው መስመር ይህ ነው፤ ፊልተሩ ሰማያዊውን አጥቁሮ ደመናውን የሚያጎላው በዚህ መስመር አካባቢ ሲሆን፣ ፀሐይን ፊት ለፊት ወይም ከጀርባ አድርጎ ለሚያነሣ ሰው የሚያደርገው ለውጥ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በኮልፌ ጠዋት ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ጊዜ ፀሐይ በምሥራቅ ስለምትሆን መስመሩ ከሰሜን ወደ ደቡብ ያልፋል፤ ስለዚህ ወደ እንጦጦ የዞረ ካሜራ ከፊልተሩ ሙሉ ጥቅም ያገኛል፤ ወደ ወጨጫ ወይም ወደ መርካቶ የዞረ ግን ብርሃኑን በከንቱ ያጣል። ወቅቱም መስመሩን ያንቀሳቅሰዋል፤ በታኅሣሥ ፀሐይ ከምሥራቅ ወደ ደቡብ አዘንብላ ስለምትወጣ የጠዋቱ መስመር ከሰሜን ወደ ምሥራቅ 23 ዲግሪ ያህል ፈቀቅ ይላል፤ ይህም ማለት ከኮልፌ ሲታይ እንጦጦ ባለበት በኩል ይወርዳል ማለት ነው። በዚሁ ወር ማታ ግን መስመሩ ወደ ሰሜን ምዕራብ ስለሚሻገር በጠዋት ያማረው የእንጦጦ ሰማይ ከአሥር ሰዓት በኋላ ያን ያህል አይጠቁርም።

የቀትሩ ጉዳይ ከዚህ የበለጠ ትኩረት ይገባዋል፤ ምክንያቱም ጀማሪዎች የሚያነቧቸው የውጭ መጻሕፍት የተጻፉት ፀሐይ በብርዱ ወራት ከአድማስ ብዙም ከፍ በማትልበት አገር ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ 5 እና በነሐሴ 24 አካባቢ፣ በቀትር ልክ ከራስ በላይ ትቆማለች፤ በታኅሣሥ እንኳ ቀትር ላይ ከአድማስ 57 ዲግሪ ትርቃለች። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን 90 ዲግሪው መስመር ወደ አድማስ ወርዶ ዙሪያውን ይከባል፤ በመሆኑም በሚያዝያ ቀትር ኮልፌ ላይ የቆመ ሰው ወደ እንጦጦም ዞረ ወደ ወጨጫ ፊልተሩ እኩል ይሠራለታል። የሰው ፊት ለማንሣት የማይመከረው ይህ ሰዓት ለሰፊ ሌንስ አንድ በጎ ነገር አለው፤ 18 ሚሊ ሜትር ላይ የተከፈተ የጀማሪ ሌንስ ከ60 ዲግሪ በላይ ስፋት ያለው ሰማይ ስለሚይዝ ጠዋት ወደ ሰሜን ሲያነሣ መሐሉ ጠቁሮ ዳርና ዳሩ የነጣ፣ ጥቁር ጥላ የወደቀበት የሚመስል ሰማይ ይሰጣል፤ በቀትር ግን ከግራ ወደ ቀኝ አንድ ወጥ ይሆናል። ነሐሴ በደመና የተሸፈነ ስለሆነ ይህን በዓይን ማየት የሚቻለው በአብዛኛው በሚያዝያ ነው።

ከፍታው ሌላ ጣጣ ያመጣል። በአዲስ አበባ ያለው የአየር ግፊት የባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ በመሆኑ ከላይ የቀረው አየር ሳስቷል፤ ሰማዩም አስቀድሞ ጠቆር ያለ ነው፤ ክረምቱ አቧራውንና ጭሱን አጥቦ በሚያልፍበት በመስከረም ፊልተሩን እስከ መጨረሻው ያዞረ ሰው ሰማዩ ከሰማያዊነት አልፎ ወደ ጥቁር ሲጠጋ ያያል። ቆላ ላይ የተማረ ፎቶ አንሺ እስከ ጥግ ማዞርን ሊለምድ ይችላል፤ በደጋ ግን ጥጉ ላይ ሳይደርሱ ማቆም የተሻለ ሥዕል ይሰጣል። በፊልም ዘመን በዚህ ከፍታ የበዛው አልትራቫዮሌት የሩቁን ተራራ በሰማያዊ ጉም ስለሚሸፍነው ዩቪ የተባለው ንጹሕ መስታወት ተፈላጊ ነበር፤ የዲጂታል ካሜራ የምስል መቀበያ ይህን ብርሃን ራሱ ስለሚያጠፋው ዩቪው ዛሬ የሌንስ መከላከያ ከመሆን አያልፍም፤ በእርሱ ላይ ፖላራይዘር መደረብም የፎቶውን ማዕዘኖች ከማጥቆር በቀር ትርፍ የለውም።

መሬቱም የራሱ ሕግ አለው። ከኮልፌ ገጽታ ሰፊውን ቦታ የሚይዘው ቆርቆሮ ጣራ ነው፤ ብዙ ጀማሪ ፊልተሩን የሚገዛው የቆርቆሮን ብልጭታ ለማጥፋት አስቦ ነው፤ ነገር ግን ያልተቀባ ብረት የሚያንጸባርቀው ብርሃን እንደ ውኃና እንደ መስታወት ነጸብራቅ ፖላራይዝድ ስላልሆነ ፊልተሩ የቱንም ያህል ቢዞር ብልጭታው ከሞላ ጎደል እንዳለ ይቀራል። የተቀባው ጣራ ላይ ግን ቀለሙ ብረቱን ስለሸፈነው ነጸብራቁ ይለዝባል። ባሕር ዛፍ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ ዓ.ም. መገባደጃ ገደማ ገብቶ አዲስ አበባን ከማገዶ ችግር ያወጣው ይህ ዛፍ፣ ግንዱ በአጠና ተራ የሚሸጠው፣ ሰም በተቀባ ቅጠሉ ላይ የሰማዩን ነጭ ብርሃን ይዞ ይቆማል፤ ፊልተሩ ይህን ነጭ ሲያነሣለት ከሥሩ ያለው ሰማያዊ አረንጓዴ ይወጣል። ወደ ምዕራብ ወጥቶ ገፈርሳ ግድብ ዳር የሚቆም ሰው ከብሩስተር ሕግ ጋር ፊት ለፊት ይገናኛል፤ ካሜራውን ከውኃው ገጽ 37 ዲግሪ በሚሆን ዘንበል ወደታች ሲያደርግ ነጸብራቁ ጠፍቶ ዳር ዳሩ ላይ የታችኛው መሬት ይታያል፤ ቀና ሲያደርግ ሰማዩ ተመልሶ ውኃው ላይ ይተኛል። የሚኒባስ ታክሲ የጎንና የኋላ መስታወት ሲነሣ ደግሞ ዓይን ያላያቸው የነጠብጣብ መስመሮች ሊወጡ ይችላሉ፤ መስታወቱ በእሳት ሲጠነክር የቀረበት ውስጣዊ ውጥረት ነው እንጂ የፊልተሩ ብልሽት አይደለም። የሰው ፊትም ወዝ አለው፤ ፊልተሩ የግንባርን ብልጭታ ይቀንሳል፣ ጥግ ድረስ ሲዞር ግን ገጹን ሕይወት አልባ ያደርገዋል።

ወደ ግዢው ስንመጣ ዋናው ክፍፍል ሊኒየርና ሰርኩላር የሚባሉት ሁለት ዓይነቶች ናቸው፤ ልዩነቱም በካሜራ ታሪክ እንጂ በሥዕል ጥራት አይገለጽም። ከላንድ ጀምሮ የነበረው ሊኒየር ሲሆን የሚያሳልፈው ብርሃን በአንድ አቅጣጫ እየተርገበገበ ይሄዳል። የካሜራ ሠሪዎች ብርሃን መለኪያውን ወደ ካሜራው ሆድ ሲያስገቡ፣ በኋላም እ.ኤ.አ. በ1985 በወጣው ሚኖልታ 7000 የሌንስ አጥራሪውን ሥራ ለሞተር ሲሰጡ፣ ብርሃኑን ከፊሉን የሚያሳልፍ ከፊሉን የሚመልስ መስታወት ውስጥ አስገቡ፤ እንዲህ ያለው መስታወት ለብርሃን አቅጣጫ ስለሚያዳላ በሊኒየር በኩል የመጣውን አሳስቶ ይለካዋል፣ አውቶፎከሱም ይደናገራል። ስለዚህ ከፖላራይዘሩ ጀርባ ሩብ ሞገድ የሚባል ስስ ንብርብር ተለጠፈና ብርሃኑ ከተመረጠ በኋላ እየተጠማዘዘ፣ ለየትኛውም አቅጣጫ ሳያዳላ እንዲያልፍ ተደረገ፤ ሰርኩላር ፖላራይዘር፣ በጠርዙ ላይ ሲፒኤል ተብሎ የሚጻፍበት ይህ ነው። ባለ መስታወት ዲጂታል ካሜራ ለያዘ ጀማሪ የሚገባው ይኸኛው ነው።

ጽሑፉ ብቻ ግን አያስተማምንም፤ ሐሰተኛ ምልክት ርካሽ ነው። አብዛኛው ሻጭ ጠረጴዛ ላይ የማይጠፋው ካልኩሌተር ለዚህ ጥሩ መመርመሪያ ይሆናል፤ ስክሪኑ ራሱ በፖላራይዝድ ላስቲክ የሚሠራ ነውና። ፊልተሩን ከካሜራ ጋር የሚገጥመው ጥርስ ወደ ዓይን ዞሮ በእርሱ በኩል ስክሪኑ እየታየ ሲሽከረከር ቁጥሮቹ በአንድ ቦታ ላይ ጨለማ መዋጥ አለባቸው፤ ካልተዋጡ የተያዘው ተራ መስታወት ነው። ቀጥሎ ፊልተሩ ተገልብጦ ጥርሱ ወደ ካልኩሌተሩ ሲዞርና እንደገና ሲሽከረከር ስክሪኑ ካልጨለመና ወደ ቢጫና ወደ ሰማያዊ ጥቂት ብቻ ከተለዋወጠ ሰርኩላር ነው፤ በዚህም በኩል ከጨለመ ሊኒየር ነው። ጨለማው ቡናማ ወይም ወይን ጠጅ ሆኖ ከቀረ ላስቲኩ ጥራት የጎደለው ወይም በፀሐይና በሙቀት ያረጀ ነው፤ መኪና መስኮት ላይ ተረስቶ የከረመ ፊልተር የሚደርስበት ይኸው ነው። የፊት ቀለበቱ በቀላሉ ግን ሳይንሸራተት መዞር አለበት፤ የመስታወቱ ገጽ ላይ የሚታየው የመብራት ጥላ ጠቆር ያለ አረንጓዴ ወይም ወይን ጠጅ ከሆነ ነጸብራቅ የሚቀንስ ቅብ እንዳለው ያሳያል፤ እንደ መስኮት ነጭ ሆኖ ከታየ ግን ቅብ የለውም፣ ከጎን በሚመጣ ፀሐይም ፎቶውን ያደበዝዛል።

መጠኑ የሚታወቀው በሌንሱ ጠርዝ ላይ ክብ በዘንግ ተሰንጥቆ ከተሳለው ምልክት ጎን ባለው ቁጥር ነው፤ የካኖን 18–55 ሌንስ በአብዛኛው 58 ሚሊ ሜትር፣ የኒኮን ተመሳሳዩ እንደ ዓይነቱ 52 ወይም 55 ነው። ሁለትና ሦስት ሌንስ የሚኖረው ሰው ለየአንዳንዱ ከመግዛት ይልቅ ለትልቁ፣ ለምሳሌ ለ77፣ አንድ ደኅና ፊልተር ገዝቶ ለትንንሾቹ ማስፊያ ቀለበት ቢያስር ወጪው ይቀንሳል፤ ትንሽ ፊልተር በትልቅ ሌንስ ላይ ማሰር ግን ማዕዘኖቹን ይቆርጣል። ስፋት ላለው ሌንስ ጠርዙ ቀጭን የሆነው ይመረጣል። ፊልተሩ የሚያስቀረው ብርሃን ከአንድ ስቶፕ ተኩል እስከ ሁለት ስቶፕ ይደርሳል፤ ስቶፕ ማለት ብርሃን በግማሽ የሚቀንስበት እርከን ስለሆነ ሁለት ስቶፕ ሩቡን ብቻ ማሳለፍ ነው፤ በሰከንድ አንድ ስልሳኛ ይነሣ የነበረው ፎቶ ወደ አንድ አሥራ አምስተኛ ይወርዳል፣ በእጅ ሲያዝም ይንቀጠቀጣል። በክረምት በደመና ሥር የረጠበውን የኮልፌን አስፋልት ነጸብራቅ ለማንሣት የሚፈልግ ሰው ይህን ከካሜራ ማቆሚያ ጋር አብሮ ማሰብ ይኖርበታል።

ሌሎቹ የፊልም ዘመን ፊልተሮች፣ ቢጫውም ብርቱካኑም፣ በኮምፒዩተር ስለሚተኩ ከአብዛኛው ፎቶ አንሺ ሻንጣ ወጥተዋል፤ ከቅጠልና ከውኃ ላይ የተነጠፈ ነጭ ግን ከሥሩ ያለውን ቀለም ስለሚሸፍነው ከተነሣ በኋላ መመለስ አስቸጋሪ ነው፤ ፖላራይዘር የቀረውም በዚህ ነው። አሁን የተስፋፉት መስታወት አልባ ካሜራዎች የሚለኩትና የሚያጠሩት በራሱ የምስል መቀበያ ላይ በመሆኑ ሰርኩላሩን ያስወለደው ችግር በአብዛኛው ከእነርሱ ጋር የለም፤ ሊኒየሩም በእነርሱ ላይ ያለ ችግር ይሠራል። አምራቾቹ ግን የሚሸጡት በአመዛኙ ሰርኩላሩን ነው፤ ሊኒየሩ የሚገኘው በአሮጌ ካሜራዎች ሳጥን ውስጥ ሲሆን፣ ላስቲኩ ካላረጀ በአነስተኛ ዋጋ ገዝቶ መጠቀም ይቻላል።